ጽዋው ሲመጣ ገበታው ለምን ፈረሰ?

በአውሮፓ አፈ ታሪክ የንጉሥ አርተር ፈረሰኞች ሊበተኑ የማሉት በጰራቅሊጦስ በዓል ነው። ሐዋርያት በአንድ ቤት ተሰብስበው ሳሉ መንፈስ ቅዱስ የወረደበት፣ ቤተ ክርስቲያን ልደቷ ነው የምትለው ቀን መሆኑ ነው። በ1225 ገደማ በፈረንሳይኛ የተጻፈው የቅዱሱ ጽዋ ፍለጋ መጽሐፍ ሲተርክ፣ ፈረሰኞቹ በክቡ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ ነጎድጓድ ተሰማ፣ ቤቱ በብርሃን ተሞላ፣ በነጭ ሐር የተሸፈነ ጽዋም ማን እንደያዘው ሳይታይ ገብቶ ለእያንዳንዱ የሚወደውን ምግብ አቅርቦለት ወጣ ይላል። ከፈረሰኞቹ አንዱ ጋዌይን ተነሣና ጽዋውን ገልጦ ሳያይ እንደማይመለስ ማለ። የቀሩትም ተከትለው ማሉ። ንጉሡ ግን አለቀሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁሉም ተመልሰው በአንድ ገበታ እንደማይቀመጡ ገብቶታል።

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ አንድ ነው። የጦር ወንድማማቾች ማኅበር የተቀደሰ ነገር ሲቀርበው ይጸናል ወይስ ይፈርሳል? አፈ ታሪኩን ከሩቅ የሚያውቅ ሰው መልሱ ቀላል ይመስለዋል፤ ፈረሰኛው ላንስሎት ከንጉሡ ሚስት ከጊኒቨር ጋር በደለ፣ ኀጢአትም ቤቱን አፈረሰ ይላል። መጻሕፍቱን በየተራ ያነበበ ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ መርጡለ ማርያም ከቆመ የድንጋይ ፍርስራሽ ፊት ሆኖ የሚያነባቸው ሰው ደግሞ ጥያቄው የሩቅ አገር ተረት ብቻ እንዳልሆነ ይገነዘባል። ለምን እንደሆነ ቆይተን እንደርስበታለን።

ከገበታው እንጀምር። ክቡን ገበታ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ያገባው በ1155 የአርተርን ታሪክ በፈረንሳይኛ ግጥም ያቀረበው ዋስ ነው፤ ምክንያቱንም ጽፎታል። መኳንንቱ ‘እኔ ከእርሱ በላይ ልቀመጥ’ እየተባባሉ ስለሚጣሉ ላይና ታች የሌለው ገበታ ተሠራላቸው። በነገሥታቱ ግብር ቤት ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከየትኛው ብልት እንደሚደርሰው የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የማዕረግ ነገር ስንቱን ወንድም ከወንድም አለያይቷል። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ ለተከታዮቹ ራሱ ማዕረግ እየሰጠ ጣልያንን ከታገለ በኋላ፣ ከድሉ ማግሥት ደጃዝማች ሲባል ከእርሱ ከፍ ብለው የተሾሙ መኖራቸው ከመንግሥት ጋር ካጣሉት ነገሮች አንዱ እንደነበር ይነገራል። በ1945 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የአርተር ገበታ የተሠራው ይህን ዓይነቱን ቁስል ለማከም ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም አክሞታል። ጽዋው ሲመጣ ግን የማዕረግ ጥያቄው በሌላ በር ተመልሶ ገባ፤ አሁን የሚጠየቀው ማን ከማን ይበልጣል ሳይሆን ማን ከማን ይነጻል ሆነ።

ጽዋው ራሱ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። በ1180ዎቹ ክሬቲየን ደ ትሯ ጀምሮ ሳይጨርሰው በሞተው ድርሰት ውስጥ ዕቃው በአንድ የቆሰለ ጌታ ቤት በእራት ሰዓት ሲያልፍ የሚታይ የከበረ ሳሕን ነው። ወጣቱ ፐርሲቫል ያየዋል፤ ግን ዝም ይላል። ‘ይህ ለማን ነው የሚሄደው?’ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ቁስለኛው ይድን ነበር። የፐርሲቫል በደል ዝሙት አይደለም፣ ትዕቢትም አይደለም፤ የሌላውን ሕመም አይቶ አለመጠየቁ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከቤት ሲወጣ እናቱ በኀዘን ስትወድቅ ዞሮ አይቷት ሳይመለስ ቀርቷል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ትልቁን ሐሳብ የማገኘው እዚህ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈው ከሁሉ የበሰለ ሆኖ ይታየኛል።

በ1200 ገደማ ሮቤር ደ ቦሮን ሳሕኑን የጸሎተ ሐሙስ ጽዋ አደረገው፤ የአርማትያሱ ዮሴፍ የጌታን ደም የተቀበለበት። ክቡንም ገበታ ከጌታ እራትና ከዮሴፍ ማዕድ ቀጥሎ ሦስተኛው ነው አለ፤ በይሁዳ ምሳሌ አንድ መቀመጫ ባዶ እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የጦረኞች ማዕድ ሳያስበው የቤተ ክርስቲያን ማዕድ ሆኖ አረፈው። የጠቀስኩት የ1225ቱ መጽሐፍ ደግሞ የሲስተርሲያን መነኮሳት ትምህርት የጠለቀበት ነው። በእርሱ ዘንድ የመጨረሻው መለኪያ ድንግልና ነው። ድንግል የሆነው ፈረሰኛ ገላሃድ በባዶው መቀመጫ ተቀመጠ፣ ከፐርሲቫልና ከቦርስ ጋርም ጽዋውን አየ። ላንስሎት እስከ በሩ ደርሶ እንደ ሞተ ሰው ተዘርግቶ ለቀናት ወደቀ። የቀሩት በዱር ሲንከራተቱ መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ባሕታውያን ሕልማቸውን እየፈቱ ‘አንተ ለዚህ አልተገባህም’ ይሏቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው አንባቢን የሚያስደነግጠው። የዚህ ተከታይ የሆነው የአርተር ሞት መጽሐፍ ሲጀምር፣ ንጉሡ ጋዌይንን ጠርቶ በፍለጋው ላይ ከጓደኞችህ ስንቱን በእጅህ ገደልህ ይለዋል። ጋዌይን 18 ይላል። የጠላት ጦር የለም፣ የውጭ ወራሪ የለም፤ ፊታቸውን በጥሩር ሸፍነው ጽዋ የሚፈልጉ ወንድማማቾች በየጫካው ሲገናኙ ሳይተዋወቁ ተጋደሉ። ስለዚህ ‘ገበታውን ያፈረሰው የላንስሎት ኀጢአት ነው’ የሚለው ንባብ ጎዶሎ ነው። የላንስሎትና የጊኒቨር ነገር ገና ሳይገለጥ ገበታው ግማሽ ባዶ ሆኗል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ማሎሪ ታሪኩን በ1469 ወይም በ1470 በእስር ቤት ሆኖ ሲጨርስ አገሩ በሁለት ነገሥታት ወገን ተከፍላ እየተፋጀች ነበር። መጽሐፉ በ1485 በካክስተን ማተሚያ ቤት ታተመ። ማሎሪ ጽዋውን አልተወም፣ ልቡ ግን ከደም ጋር ነው። ላንስሎት እንድትቃጠል የተፈረደባትን ንግሥት ከእሳት ሲያስጥል በግርግሩ የጋዌይንን ወንድሞች ጋሬትንና ጋሄሪስን ያለ መሣሪያ እንደቆሙ ገደላቸው፤ ጋሬትን ደግሞ በእጁ ፈረሰኛ ያደረገው ራሱ ላንስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ለጎጃም አንባቢ ማስረጃ አያሻውም፤ ደም ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጣልቃ ገብቶ ንግሥቲቱን ከንጉሡ አስታረቀ፣ ጋዌይን ግን ካሳም ንስሐም አልቀበልም አለ። ማሎሪን ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ በዚያ ሁሉ ፈረሰኛ መካከል ሽማግሌ አለመኖሩ ነው። ሟች ቤት ድንጋይ ተሸክሞ የሚገባ፣ ‘ስለ ማርያም’ ብሎ የሚለምን፣ ገዳይን ከሟች ወገን ፊት የሚያስወድቅ ማንም የለም። በመጨረሻ አርተርና የከዳው ሞርድሬድ ለመታረቅ በሜዳ ሲነጋገሩ አንድ ፈረሰኛ እባብ ነክሶት ሊገድለው ሰይፍ መዘዘ፤ ሁለቱ ሠራዊት ሰይፉን አይተው ተላለቁ። በአስታራቂ የማያምን ማኅበር በእባብም ይፈርሳል።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ድርሰት አለ፣ እርሱም ወደ መርጡለ ማርያም ያመጣናል። ጀርመናዊው ቮልፍራም ፎን ኤሽንባኽ በ13ኛው መቶ ዓመት መባቻ በጻፈው ፓርሲፋል ውስጥ ጽዋው ራሱ ድንጋይ ነው፤ ጠባቂዎቹም እንደ መነኮሳት የሚኖሩ ፈረሰኞች ናቸው። ፓርሲፋል አንድ የማያውቀው ወንድም አለው፤ አባቱ በላካኔ ከምትባል ጥቁር ንግሥት የወለደው ፌይረፊስ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ ይዋጋሉ፤ ልክ እንደ ጋዌይን ጓደኞች። የፓርሲፋል ሰይፍ ይሰበራል፤ ፌይረፊስ ግን ባዶ እጁን ያለ ሰው አልወጋም ብሎ የራሱን ሰይፍ ይጥላል፤ ከዚያ ይጠያየቃሉ፣ ወንድማማቾችም መሆናቸው ይታወቃል። ጨዋነቱን ያሳየው ያልተጠመቀው ነው። ፌይረፊስ በኋላ ተጠምቆ የጽዋውን ተሸካሚ አገባ፤ የወለዱትም ልጅ ቄስ ዮሐንስ ተባለ።

ቄስ ዮሐንስ! ከ1165 ገደማ ጀምሮ በአውሮፓ በእጅ ሲዘዋወር የኖረ ደብዳቤ ያሳወቀው፣ ከእስላም አገር ማዶ ይነግሣል የተባለው ክርስቲያን ንጉሥ። ቮልፍራም በህንድ አስቀመጠው፤ ከ14ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን አውሮፓውያን በኢትዮጵያ ይፈልጉት ጀመር። በ1514 ሊዝበን የገባው አርመናዊው ማቴዎስ ለንጉሥ ማኑኤል የሰጠው ደብዳቤ በዚህ ስም የተነበበ ነው። የላከችው ግን በሕፃኑ በልብነ ድንግል ስም አገር ታስተዳድር የነበረችው ንግሥት እሌኒ ናት፤ የመርጡለ ማርያምን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠራችው። ከደብዳቤው ጋር የመስቀሉን ግማድ ቁራጭ ልካለች። በአፈ ታሪኩ የጽዋው ተሸካሚ ልጅ የሆነው ቄስ ዮሐንስ፣ በታሪክ ፊት ሲቀርብ የሐድያ ገዢ ልጅ የሆነች፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጣች፣ ጎጃም ላይ ርስት ያላት አሮጊት ንግሥት ሆኖ ተገኘ። እንደ ቮልፍራም ያለ ደራሲ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለዚህች ጎጃም ቤተ ክርስቲያን የሰማውን ጽፏል። ከብዙ ዓመት በፊት መጥቶ እንዳይመለስ ተከልክሎ የቀረው ፔሮ ዳ ኮቪልያም የመንበሩን ሥራ እንዲያሳይ ተልኮ እንደነበር፣ መንበሩም በወርቅ እንደተሞላ ይነግረናል። የደብሩ ትውፊት ግን ከእሌኒ አይጀምርም። መርጡለ ማርያም ከአክሱም ጽዮን፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር በሕገ ኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩ ቦታዎች ትቆጠራለች፤ በአብርሃና አጽብሐ ዘመንም የክርስትና ቤት ሆነች ይባላል። አለቃዋ ርእሰ ርኡሳን ይባላል፤ ይህም ማዕረግ የቦታዋን ክብር ያሳያል።

ትውፊቱ ከክብረ ነገሥት ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የክብረ ነገሥት የግዕዝ ቅጂ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በጓደኞቹ እጅ ተዘጋጀ፤ የመጽሐፉ መደምደሚያ ግን ከቅብጥ ወደ ዓረብኛ የተመለሰው በላሊበላ ዘመን ነው ይላል፣ ዓመቱም ሲሰላ 1225 ይመጣል። የገላሃድ መጽሐፍ በፈረንሳይ የተጻፈበት ዘመን መሆኑ ነው። አንዱ ሌላውን አይቷል አልልም። ሁለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ ተገናኝተዋል፤ በሰሎሞን። በፈረንሳዩ መጽሐፍ ሰሎሞን ከዘሩ የመጨረሻው ፈረሰኛ እንደሚሆን ስለ ገላሃድ ተነግሮት፣ በሚስቱ ብልሃት የዳዊትን ሰይፍ የጫነች መርከብ አሠርቶ ወደ ባሕር ይሰዳል። በክብረ ነገሥት ሰሎሞን በሕልሙ ፀሐይ ከእስራኤል ተለይታ በኢትዮጵያ ላይ ስታበራ ያያል። ሁለቱም ሰሎሞኖች ጠቢባን ናቸው፣ ሁለቱም የተቀደሰው ነገር ከእጃቸው ወጥቶ ከሩቅ ልጅ ዘንድ እንደሚያርፍ ያውቃሉ።

ልዩነቱ ተራኪው የቆመበት ቦታ ነው። ጽዋው የአርተርን አገር ትቶ ሳራስ ወደምትባል የሩቅ ከተማ ሄደ፤ ተራኪው የሚያለቅሰው ከተተወው ወገን ቆሞ ነው። ታቦተ ጽዮን ኢየሩሳሌምን ትታ ወደ ኢትዮጵያ መጣች፤ ተራኪው የሚዘምረው ከተቀባዩ ወገን ሆኖ ነው። የእስራኤል የበኵር ልጆች ከካህኑ ከአዛርያስ ጋር አባቶቻቸውን ጥለው ሲወጡ በኢየሩሳሌም የተነሣው ልቅሶ፣ ሰሎሞን በፈርዖን ልጅ ተማርኮ መውደቁ፣ ይህ ሁሉ በክብረ ነገሥት አለ፤ የእኛ አንባቢ ግን ፈጥኖ ያልፈዋል፤ ዓይኑ ከሚበሩት ሰረገላዎች ጋር ነው። እኛ ሳራስ ነን። የተተወ ገበታ ምን እንደሚመስል ለብዙ ጊዜ መጠየቅ አላስፈለገንም።

(ግርሃም ሃንኮክ በ1992 ባወጣው መጽሐፍ የቮልፍራም ጽዋ ታቦተ ጽዮን ራሷ ናት፣ ድርሰቱም የተሰወረ ካርታ ነው ብሎ ጽፏል። በመጽሐፉ ብዙ ሰው ተደስቷል፤ እኔን አላሳመነኝም። የሁለት አገር ሰዎች አንድን ጥያቄ መጠየቃቸው አንዱ የሌላውን ሚስጥር መስረቁን አያሳይም።)

የእኛ ትውፊት ስለ ኀጢአተኛው ያለው አቋምም ከፈረንሳዩ ይለያል፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። በተአምረ ማርያም የሚነገረውን በላዔ ሰብእን የማያውቅ የለም። 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም እፍኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛን ፊት ያ እፍኝ ውኃ ተቈጠረለት። ይህ ሰው በጽዋው ፍለጋ መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ ኖሮ ባሕታዊው ከጫካው ዳር ይመልሰው ነበር። ላንስሎት የበላዔ ሰብእን ዐሥረኛ አልበደለም። በእኛ ዘንድ የቅድስናን ደጅ የሚከፍተው የክሬቲየኑ ፐርሲቫል የጎደለው ነው፤ የተጠማን ሰው አይቶ መጠየቅ።

እዚህ አገር ጽዋ የተባለ ሌላ ነገርም አለ፤ በየወሩ በየቤቱ ይዞራል። በ21 የማርያም፣ በ12 የሚካኤል፣ በ23 የጊዮርጊስ ማኅበርተኞች ባለ ተራው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ዳቦውን ይባርካል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቀጣዩ ባለ ተራ ጽዋውን ይረከባል። የተጣሉ ካሉ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ሳያስታርቅ አይቀመጡም። ማንም ጽዋውን ፍለጋ አይሄድም፤ ተራው ሲደርስ ቤቱ ይመጣለታል። ብቁ ነህ አይደለህም የሚል ፈተና የለም፤ ጠላ መጥመቅና በር መክፈት ይበቃል። ማኅበርተኛ ባለዕዳ ሊሆን ይችላል፣ ሰካራም ሊሆን ይችላል፤ ተራው ተራው ነው። የጦረኞች ማኅበራችን ግን እንዲህ አልነበረም።

ከእሌኒ ሞት በፊትና በኋላ የሆነውን እንይ። በ1517 ገደማ የአዳሉ መሕፉዝ በሁለቱ ሠራዊት መካከል ወጥቶ ለብቻ የሚገጥመኝ ማነው ሲል የወጣለት ገብረ እንድርያስ የተባለ መነኩሴ ነበር፤ መሕፉዝንም በዚያው ገደለው። አልቫሬዝም ሰምቶ ጽፎታል፤ በእኛ ወገን የገላሃድ ዓይነት ሰው ቢፈለግ ይህ ነው። ወጣቱ ልብነ ድንግል በድሉ ተደሰተ፤ የእሌኒ ደብዳቤ ፍሬ አፍርቶ የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲደርሱ እርዳታው እምብዛም አላስፈለገውም። በቃል የሚነገረው ግን የበለጠ ነው፤ ንጉሡ ሰላም ሲበዛበት ‘ጦር አውርድ’ እያለ ይጸልይ፣ መሬቱንም በጅራፍ ያስገርፍ ነበር ይላሉ። ጦሩም ወረደ። በ1529 ሽምብራ ኵሬ ላይ የአዳሉ ኢማም አሕመድ ሠራዊት የንጉሡን የጨዋ ጦር ሰበረ፤ በ1530ዎቹ የእሌኒ ወርቃማ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ እየሸሸ በ1540 ደብረ ዳሞ ሞተ።

የጅራፉ ትረካ ውብ ነው፣ የጠራ ፍርድ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ውድቀቱን ሁሉ በአንድ ንጉሥ ትዕቢት ላይ ይጭንና ጓደኞቹን ያሳልፋቸዋል። ከዘርዐ ያዕቆብ ጀምሮ በየጠረፉ የሰፈሩት፣ እንደ ጃን አሞራ የራሳቸው ስም የነበራቸው የጨዋ ጦሮች ምን አወሩ? ማን ማንን ከዳ? ማን ከጦር አዛዡ ከወሰን ሰገድ ጎን ወደቀ? ይህን ለማወቅ የኢማሙን ድል የጻፈውን የዓረብ ፈቂህን መጽሐፍ መግለጥ አለብን፤ የክርስቲያን አዛዦችን በስማቸው እየጠራ አሟሟታቸውን የሚነግረን ጠላት ነው። ግዕዝ ለቅዱሱ ገድል፣ ለንጉሡ ዜና መዋዕል ሰጠ። ለጓደኛ ምንም አልሰጠም። ፈረንሳዮቹ ጽዋቸውን ከመጠን በላይ ንጹሕ ቢያደርጉትም፣ ለጋዌይንና ለቦርስ ፊት ሰጥተዋቸዋል፤ በዚህ ይበልጡናል።

የጓደኛን ታሪክ የጻፉልን እንደገና ሌሎች ናቸው። በ1541 የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫን 400 ሰዎችን ይዞ በምጽዋ ገባ፤ በነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተያዘ፣ ኢማሙም አንገቱን ቈረጠው። ከጦርነቱ የተረፈው ካስታኞሶ እንደሚተርከው በልብነ ድንግል ሚስት በንግሥት ሰብለ ወንጌል ዙሪያ የተሰበሰቡት 120 ያህል ነበሩ። አዲስ አዛዥ መምረጥ አልፈለጉም፤ የምሕረት ማኅበራቸውን ሰንደቅ ከፊታቸው ይዘው በእርሱ ተመሩ። እነዚህ ሰዎች ቅዱሳን አልነበሩም፤ ብዙዎቹ የህንድ ውቅያኖስ ወታደሮች ነበሩ። ግን ከሠራዊቱ የበለጠ ነገር በመካከላቸው ስለነበረ አልተበተኑም። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ከልጇ ከንጉሥ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው ኢማሙን ገደሉ። በጽዋው ፍለጋ መጽሐፍ የማላየው ነገር እዚህ አለ፤ የተቀደሰው ምልክት ለሁሉም እኩል ነው፣ ማንም ለብቻው ሊያየው አልወጣም።

ከዚያ መቶ ዓመት ሳይሞላ ግን ገበታ መፍረስን ራሳችን በእጃችን ሠራነው፤ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ የሚከብደኝም ይህ ነው። ሱስንዮስ በ1607 ከመንገሡ በፊት ለዓመታት በየዱሩ ሲንከራተት የኖረ ጦረኛ ነበር። ዙፋን ላይ ሲወጣ የእናቱ ልጆች የማነ ክርስቶስና ሴላ ክርስቶስ፣ አማቹ ዮልዮስ በዙሪያው ነበሩ። ከዚያ የሃይማኖት ጥያቄ መጣ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ ቋንቋ ተማረ፣ ግንብ ሠራ፣ ከደብተራ ጋር ተከራከረ፣ ማንንም ቶሎ አላስገደደም። ነገሩ ግን ከእርሱም አልፏል። በ1617 ዮልዮስ ስለ ተዋሕዶ ብሎ ሸፈተ፤ ወደ ንጉሡ ድንኳን ሲጋልብ ተገደለ፤ አቡነ ስምዖንም በዚያው ጦርነት ሞቱ። የማነ ክርስቶስ ተይዞ ታሰረ። ሴላ ክርስቶስ ጎጃምን እየገዛ የሮማን እምነት ከወንድሙም በላይ አጥብቆ ያዘ።

በ1622 ሱስንዮስ የሮማን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፈረንሳዩን ባሕታዊ ነበር የሚመስለው። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፣ ቅዳሜና ግዝረት ይቅሩ አለ። እንዲህ ያለው ጥያቄ በጦርነት አብረው የኖሩ ሰዎችን አንድ በአንድ ይለያቸዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ንጹሕ መሆን አይችልምና። በእነዚያ ዓመታት ኢየሱሳውያን በመርጡለ ማርያም፣ በእሌኒ ሕንጻ ፍርስራሽ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ብሩኖ ብሩኒ የተባለ ጣልያናዊ አባት በዚያ ተቀምጦ ነበር። ዛሬ በቦታው የሚታዩት ጽጌረዳ የተቀረጸባቸው ድንጋዮችና የፈረሱ ግንቦች ሁለቱን ዘመን አብረው ይዘዋል፤ እርዳታ የጠራችውን ንግሥትና ያ እርዳታ በመጨረሻ ያመጣውን ጭቅጭቅ።

በሰኔ 1632 ሱስንዮስ ያመፀበትን የላስታውን መልክዐ ክርስቶስን ወግቶ አሸነፈ። ሚሲዮናውያኑ እንደጻፉት በሜዳው ላይ 8,000 ያህል ሰው ወደቀ። መኳንንቱም ንጉሡን ይዘው በሬሳው መካከል እየተዘዋወሩ፣ የሞቱት አረማውያንም እስላሞችም አይደሉም፣ የራስህ ወገን ናቸው አሉት። እንደ አርተር ወገኑን በወገኑ ደም አጣ፤ ከአርተር የሚለየው ግን ቆም ብሎ መስማቱ ነው። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት ይመለስ ብሎ አዋጅ አስነገረ፣ ዘውዱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። ሴላ ክርስቶስ ግን እምነቱን አልለውጥም አለ፤ የወንድሙ ልጅ በነገሠ ጊዜ ወደ ግዞት ተላከ።

እኔ ያነበብኳቸው የታሪክ መጻሕፍት ይህን ዘመን የሚያወሩት በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ የሃይማኖት ክርክር አድርገው፣ ወይ የውጭ ሰዎች ሴራ አድርገው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። የቀረው ሦስተኛው ነው። ዮልዮስ፣ የማነ ክርስቶስ፣ ሴላ ክርስቶስና ሱስንዮስ በአንድ ድንኳን ያደሩ፣ በአንድ እሳት የሞቁ ወንድማማቾች ሆነው የሚተረኩበት መጽሐፍ አላገኘሁም። ለዚያ የሚሆን ቁሳቁስ አለ፤ የሱስንዮስ ዜና መዋዕል በግዕዝ፣ የፓኤዝና የኢየሱሳዊው የአልሜይዳ ጽሑፎች በፖርቱጋልኛ ተርፈዋል፤ የጎደለው እንደ ማሎሪ ጓደኛን የሚያይ ዓይን ያለው ጸሓፊ ነው። ቢገኝ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ዮልዮስ ወደ አማቱ ድንኳን የጋለበው ሊገድለው ነው ወይስ ሊያናግረው የሚለው ይመስለኛል።